ስለ ጅራፉ ለፖሊሶቹ ማን ነገራቸው

ብርቱካናማው ወረቀት ከመብራት ምሰሶው ላይ የተለጠፈው ሰኞ ነው። አረጋሽ ከአውቶቡስ ወርዳ ወደ ቤቷ ስታዘግም አየችውና ቆመች። በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የሚሰጠውን የጎልማሶች የንባብ ትምህርት ከጀመረች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። መምህሯ «መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ጽሑፍ ሁሉ አንብቡ» ስላለቻቸው፣ እንኳን ምሰሶ የወተት ካርቶንም ሳታነብ አታልፍም። ጣቷን ከፊደል ፊደል እያስኬደች አነበበችው። ቅዳሜ መንገዱ ዝግ ነው። መኪና ማቆም አይቻልም። የቆመ መኪና ይነሳል። ከታች በኩል «ፖሊስ» የሚል ቃል አለ። እሱን ሳታስበው ሁለት ጊዜ አነበበችው።

መንገዱ ለምን እንደሚዘጋ ታውቃለች። ከኮልፋክስ ጎዳና ወደ ውስጥ የሚታጠፈው ይህ አጭር መንገድ፣ ግራና ቀኙ የሀበሻ ሱቅና ምግብ ቤት የሞላበት፣ በዓመት አንድ ቀን የቡሄ መጨፈሪያ ይሆናል። ዘንድሮ ቡሄ ራሱ ቅዳሜ ስለዋለ ሰዉ «የዘንድሮው ይለያል» እያለ ነው። አረጋሽም ሙልሙል ለመጋገር ቃል ገብታለች። ልጇ ዮናታን ደግሞ ከጎረምሶቹ ቀድሞ ወደ መሃል የሚገባውና ጅራፍ የሚያጮኸው እሱ እንዲሆን ተመርጧል። ችግሩም እዚህ ላይ ነው።

ዮናታን አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። እዚሁ ባሕር ማዶ አውሮራ ከተማ ተወልዶ፣ እዚሁ አድጎ፣ አባቱን በራስ በልጦ ቆሟል። አማርኛው ስብርብር ያለ ነው፤ ቤተ ክርስቲያንም ካልጎተቱት አይሄድም ነበር። አምና ግን ትልልቆቹ ልጆች ጅራፍ ሲያጮኹ አይቶ ልቡ ተነጠቀ። አባቱ ተገኝ የረጅም መንገድ ከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ቤት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። አንድ እሑድ አባትና ልጅ ሶፋው ላይ ተቀምጠው፣ ልጥ በሌለበት አገር የናይለን ገመድ ገምደው፣ ጫፉ ላይ ቃጫ አስረው፣ የደረሰ ጅራፍ ሠሩ። አረጋሽ ያን ቀን ከኩሽና ሆና የሁለቱን ሳቅ ስትሰማ አምላኳን አመስግና ነበር።

ምስጋናዋ እስከ ሐምሌ ብቻ ቆየ። በሐምሌ አንድ አመሻሽ ላይ ዮናታን ወደ አፓርታማው የመኪና ማቆሚያ ወርዶ ሲለማመድ፣ እሷ ፎቁ ደረጃ ላይ ሆና ልብስ ታሰጣ ነበር። ጅራፉ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ጧ ሲል ድምፁ ከግንቡ ጋር ተላትሞ ይመለሳል። ከማዶ ያሉት ሰዎች መስኮታቸውን ዘጉ። አንዲት ሴትዮ ሕፃኗን አቅፋ ከመኪናዋ ጀርባ ቁጢጥ አለች። ጥቂት ቆይቶ የፖሊስ መኪና ሳይረን ሳያሰማ፣ ቀስ ብሎ እንደ ድመት ገባ። ፖሊሱ ወረደ። እጁ ከወገቡ ላይ ነበር። «ጣለው» አለ። ዮናታን ጣለው። ፖሊሱ አንስቶ አየውና ሳቀ፤ የፈረስ ነጂዎች ነገር ይመስላል አለና መልሶ ሰጠው፤ በመኖሪያ ሰፈር ግን ሁለተኛ እንዳያደርገው ነገረው።

ዮናታን እየሳቀ ደረጃውን ወጣ። «ማሚ፣ ሰውዬው ኩል ነው» አላት።

እሷ ግን ልቧ ውስጥ የቀረው ሳቁ አልነበረም። ከሳቁ በፊት የነበረው እጅ ነው።

ለባሏ በስልክ ስትነግረው፣ «እባብ ያየ በልጥ በረየ ይላል ያገሬ ሰው» አላት። «አንቺ ደግሞ ከነልጡ፣ ከነጅራፉ። ልጁ ያገሩን ነገር ወዶ ሲይዝ እሱንም ልንነጥቀው ነው?»

«እንንጠቀው አላልኩም።»

«ታዲያ ምን አልሽ?»

ምን እንዳለች እሷም አላወቀችውም። ብትከለክለው ተደብቆ ያጮኸዋል፤ ልጇን ታውቀዋለች። ተደብቆ ከሚያጮኸው ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ቢያጮኸው ይሻላል። ነገር ግን ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ፖሊሶችም አሉ፤ እነሱም ስለ ጅራፉ አስቀድመው ካላወቁ፣ መጀመሪያ የሚሰሙት ድምፅ የጥይት ድምፅ ነው።

ረቡዕ ማታ ከጉባኤ በኋላ የበዓሉ ኮሚቴ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሰዉን ሰበሰበ። ሰብሳቢው ጋሽ አባይነህ ናቸው። ከዚያው መንገድ ላይ ምግብ ቤት አላቸው፤ ቤታቸው ግን ሴንቴኒያል ነው፤ ሣሩ እንደ ምንጣፍ የተቆረጠ ሰፈር። ንግግራቸው ለስላሳ ነው፤ አረጋሽ ደግሞ ለስላሳ ንግግር አይዋጥላትም።

«ከተማው መንገዱን እንዲሁ አይሰጠንም» አሉ። «ለመንገድ መዝጊያው አጥር የምንከፍለው እኛ ነን፤ ቆሻሻ ለሚያነሣውም እኛ ነን። ፖሊሶቹም ከሥራ ሰዓታቸው ውጭ ስለሚመጡ በሰዓት የምንከፍላቸው እኛው ነን። ስንት ፖሊስ እንደሚቆም የሚወሰነው ደግሞ ስንት ሰው ይመጣል ባልነው ልክ ነው። እሳት አለ ካልን የእሳት አደጋ መኪና ቆሞ ይውላል፤ እሱም በሰዓት ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ችቦ የለም።»

አዳራሹ አጉረመረመ። «ቡሄ ያለ ችቦ?» አለ አንድ ሰው ከኋላ። «ስልካችንን እናበራለና» አለው ጎኑ ያለው፤ ሰው ሳቀ።

የሰንበቴዋ ታላቅ እማማ እንቁ ከፊት ወንበር ሆነው፣ «ስንት ሰው ይመጣል አልካቸው?» ሲሉ ጠየቁ።

«ሦስት መቶ።»

«አምና እኮ መፈናፈኛ አልነበረም» አለ ያው ከኋላ ያለው።

እማማ እንቁ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደግ አደረግህ፣ አባይነህ። ለበዓል የወጣ ሰው አይቆጠርም። ሺህ ነን ብለህ ብትናገር ዓይን ታስገባብናለህ።»

«ይኸው፣ እማማም ፈቀዱልኝ» አሉ ጋሽ አባይነህ፤ አዳራሹ እንደገና ሳቀ።

አረጋሽ አልሳቀችም። እማማ እንቁ ስለ ዓይን ያሉት እውነታቸውን ነው፤ እሷም ብትሆን የራሷን ልጅ ቁመት ሰው ሲጠይቃት አሳንሳ ነው የምትናገረው። ጋሽ አባይነህ ግን ዓይን ፈርተው ነው ወይስ የፖሊሱን ክፍያ ቆጥበው? እንዲህ እያሰበች ሳታውቀው እጇ ወጣ። ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። በስብሰባ ላይ ተናግራ አታውቅም።

«ጅራፉንስ ነግራችኋቸዋል?» አለች።

«የትኛውን ጅራፍ?»

«ልጆቹ የሚያጮኹትን። ድምፁን። ለፖሊሶቹ።»

«ነግረናል፣ እህቴ።» ዓይናቸው ስልካቸው ላይ ነበር።

«ማን ነው የነገራቸው፣ ጋሼ?»

«ኮሚቴው።»

«ለማን?»

«ለሚመለከተው ክፍል» አሉና ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፉ። አረጋሽ ተቀመጠች። ነግሬያለሁ የሚል ሰው ዓይንህን አይቶ ይነግርሃል እንጂ ስልኩን አያይም፤ እሷ የምታውቀው እንዲህ ነው።

በማግስቱ አየር ማረፊያው ተጨናንቆ ዋለ። ሰኞ ፀሐይ በጨረቃ ትጋረዳለች ተብሎ ግማሹ አገር ለማየት እየጎረፈ ነበር። አረጋሽና ጓደኛዋ ወይንሸት ሁለቱም ለአቅመ ደካማ መንገደኞች ተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚገፉት። ባዶ ወንበራቸውን ግድግዳ አስደግፈው ውኃ ሲጠጡ አረጋሽ የስብሰባውን ነገር አነሣች።

«ለሚመለከተው ክፍል አለሽ?» አለች ወይንሸት። «በቃ፣ አልነገረም።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«አገር ቤት ቀበሌ አልሄድሽም እንዴ? ለሚመለከተው ክፍል ማለት ለማንም ማለት ነው። ደግሞ መድረኩን የት ነው የሚተክሉት?»

«እሱ ምግብ ቤት በር ላይ።»

«እኮ። ለፖሊስ የሚቆጥበው፣ የሰውን ቁጥር የሚያሳንሰው፣ ችቦውን የሚያጠፋው ለማን ይመስልሻል? ኋላ ደግሞ ለሕዝቡ ብዬ ደከምኩ ብሎ አልቅሶ ያስለቅሰናል። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል።»

«የጅራፍ ነገር አታንሺብኝ።»

ወይንሸት ሳቀችና ወዲያው ሳቋን ዋጠች። «አንቺ፣ ምን ሆነሻል? ፊትሽ እኮ አመድ መስሏል።»

አረጋሽ የሐምሌውን ነገር ነገረቻት። ወይንሸት የውኃ ጠርሙሷን ከደነች። ከዚያ፣ «እኔ ብሆን ራሴ ሄጄ ነው የምነግራቸው» አለች። «ማንንም አላምንም።»

«በየትኛው እንግሊዝኛዬ?»

«በሚያነበው እንግሊዝኛሽ።»

አርብ ምሽት ሊጡን እያቦካች ዮናታንን ጠራችው። ጅራፍ በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል፣ «እንደ ሽጉጥ ይጮኻል፣ ግን ሽጉጥ አይደለም» እንዴት እንደሚባል ጠየቀችው። ነገራት። ደገመችው። አረማት። እንደገና ደገመችው።

«ዋይ? ለምንድነው?»

«ለትምህርት ነው።»

«ማሚ።» ግድግዳውን ተደግፎ አያት። «ለፖሊስ ልትነግሪ ነው፣ አይደል? ፕሊስ፣ አታድርጊው። ጓደኞቼ ሁሉ እዚያ ናቸው። ፖሊሶቹን እኮ ሃየር ያደረግናቸው እኛ ነን፤ ጋሽ አባይነህ ነግረውናል። ለእኛ ነው የሚሠሩት።»

«የቀጠርከው ሰው ሽጉጥ ከያዘ ጌታው እሱ ነው» አለችው። «እጅህን ታጠብና እነዚህን አድቦልቡልልኝ።»

ታጥቦ መጣ። ሙልሙሉን ሲያድቦለቡል አየችው፤ ጣቶቹ ረጃጅም ናቸው፤ ሕፃን ሳለ ጣቷን ጭብጥ አድርጎ የሚተኛባቸው ጣቶች። «ነገ ሸሚዝህን ሱሪህ ውስጥ እንዳትከት» አለችው። «ለምን?» «እንዲያው።» ወዲያው ሐሳቧን ለወጠች። ሸሚዙ ከወጣ ወገቡ ይሸፈናል፤ ወገቡ ከተሸፈነ ሰው ምን ደብቋል ይላል። «አይ፣ ክተተው» አለችው። ዮናታን ግራ ገብቶት ሳቀ።

ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ ቅርጫቷን ታቅፋ መንገዱ ላይ ስትደርስ ገና ከመግቢያው መተላለፊያ አልነበረም። ከፓርክ ሂል ሰፈር የመጣው፣ ከሴንቴኒያል የመጣው፣ ነጭ የለበሰው፣ የእግር ኳስ ማልያ የለበሰው፣ ጋሪ የሚገፋው ሁሉ ተደበላልቋል። የጾም በያይነቱ የሚሸጡት ተሰልፈዋል። ነጭ ጎረቤቶችም ወንበር ይዘው መጥተዋል። ሦስት መቶ የተባለው ሰው እማማ እንቁን ብቻ ሰላም ለማለት የተሰለፈው ይሆናል።

አረጋሽ ዓይኗ የፈለገው ሰማያዊ ልብስ ነበር። ሁለት አገኘች። ሁለት ብቻ። ሽበት ያለው አንዱ ኮልፋክስ ጥግ ላይ፣ ከተዘጋው አጥር አጠገብ ቆሟል። ሌላው ወጣት ነው፤ ከመድረኩ ብዙም ሳይርቅ፣ ልጆቹ ከሚጨፍሩበት ክፍት ቦታ ፊት ለፊት። ወጣቱ አንድ ቦታ አይረጋም። ሰዉን በዓይኑ ይቆጥራል፤ ወደ ጣሪያዎቹ ይመለከታል፤ አንገቱ ላይ የተሰካው ሬዲዮ ላይ ያጎነብሳል። አንድ ሕፃን ፊኛ ሲፈነዳበት ፖሊሱ ተስፈንጥሮ ዞረ። ሰው አላየውም። አረጋሽ አየችው።

ከዚያ በኋላ ያየችው ሁሉ አላማራትም። ወጣቱ ፖሊስ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ዱላ ወደያዙት ጎረምሶች ሦስት ጊዜ ተመለከተ። የዱላውን ነገርስ ማን ነገረው? ሽበታሙ በስልክ ሲያወራ ወደ ሰዉ እየጠቆመ ነበር። ዮናታን ከጓደኞቹ መሃል ቆሞ ጅራፉን ክንዱ ላይ ጠምጥሞ እንደ ሙሽራ ይስቃል፤ ሸሚዙ ሱሪው ውስጥ ነው።

ጋሽ አባይነህን መድረኩ ጀርባ፣ ከድምፅ ማጉያው ሽቦ ጋር ሲታገሉ አገኘቻቸው።

«ጋሼ፣ ፖሊሶቹ ስለ ጅራፉ ያውቃሉ?»

ቀና አሉ። ላባቸው በግንባራቸው ይወርዳል። «አረጋሽ፣ ነግሬያለሁ አልኩሽ እኮ።»

«ለእነዚህ? ለእነዚህ ለቆሙት?»

ጋሽ አባይነህ ሽቦውን ለቀቁት። ወደ ግራ አዩ፤ ወደ ቀኝ አዩ። «የነገርኳቸው ሰዎች አልመጡም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዛሬ ስታዲየም ጨዋታ አለ። እነዚያ ወደዚያ ተቀይረው ሌሎች ነው የላኩልን። ጠዋት ነው የሰማሁት።»

«እንግዲያው አሁን ይነገራቸው።»

«አሁን ብንነግራቸው ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ? ሰዉን አይተውታል፤ ከተባለው በላይ ነው። በዚያ ላይ እንደ ጥይት የሚጮኽ ነገር አለ ስንላቸው አለቃቸውን ይጠራሉ። አለቃው ተጨማሪ ፖሊስ ካልመጣ በዓሉ ይቁም ይላል። የሚመጣውም በሰዓት ነው፤ ዘንድሮ ብቻ አይደለም፣ ለከርሞም። መንገዱንም ላያስነኩን ይችላሉ። ሁለት ደቂቃ ናት፤ ልጆቹ አጩኸው ይገባሉ፤ ያልቃል።»

አረጋሽ አየቻቸው። ቀይረው ነው የላኩት የሚለው እውነት ይሁን አይሁን ፊታቸው ላይ ፈለገች፤ አላገኘችውም። ያገኘችው ድካም ብቻ ነው፤ የደከመ ሰው ደግሞ ይዋሻል፣ እውነትም ይናገራል።

«ጋሼ፣ ፖሊሱ በሰዓት ነው» አለች። «ልጄ ግን አንድ ነው።»

«አረጋሽ—»

ዞራ ሄደች። ከኋላዋ ካህኑ በማጉያው መጸለይ ጀመሩ። ከጸሎቱ ቀጥሎ ጅራፍ ነው።

በሰዉ መሃል በክርኗ መንገድ እየከፈተች ወደ ወጣቱ ፖሊስ ሄደች። ባዶ እጇን ወደ ሰው ሄዳ አታውቅም፤ አሁንም ከቅርጫቱ አንድ ሙልሙል አውጥታ በሁለት እጇ ዘረጋችለት። ደረቱ ላይ ያለውን ስም አነበበች። ዴልጋዶ ይላል። ሰውን በስሙ መጥራት ልብ ብሎ እንዲያይሽ ያደርጋል ብላ መምህሯ ነግራታለች።

«ሚስተር ዴልጋዶ፣ ዳቦ። የበዓል ዳቦ።»

ፖሊሱ ፈገግ አለና ግራ እጁን ዘረጋ። አረጋሽ ሳታስበው ዳቦውን ወደ ራሷ መለሰችው። በግራ እጅ ምግብ የሚቀበል ሰው አይታ እንዲህ ስታደርግ ይህ የመጀመሪያዋ አልነበረም፤ ዮናታንን በዚህ ስንት ጊዜ ተቆጥታዋለች። «በቀኝ» አለችው። «በኛ አገር በቀኝ ነው።»

«ይቅርታ፣ እመቤቴ» አለና በቀኙ ተቀበላት። ገና ሲይዘው ደስ አለው፤ ለስላሳ ነበር።

«አሁን አንድ ነገር እነግርሃለሁ» አለች። ከትናንት ጀምሮ ያጠናችውን ዓረፍተ ነገር ምላሷ ላይ አገኘችው። «ልጆቹ ጅራፍ ያጮኻሉ። እንደ ሽጉጥ ይጮኻል። ሽጉጥ አይደለም። ገመድ ነው። የሃይማኖት ነገር ነው።»

ፈገግታው ጠፋ። «መቼ?»

«አሁን። ጸሎቱ ሲያልቅ።»

«ማንም አልነገረን። ሦስት መቶ ሰው ነው ያሉን፤ እዚህ ያለው ግን…» በዳቦው ወደ ሰዉ ጠቆመ። «ስንት ጊዜ ይጮኻል?»

«ብዙ። መጀመሪያ የሚያጮኸው የእኔ ልጅ ነው። ያ ረጅሙ። ሸሚዙን የከተተው።»

ፖሊሱ ወደ ዮናታን አየ። ረጅም አየው። አረጋሽ እንዲህ ጣቷን ቀስራ የገዛ ልጇን ለፖሊስ ታሳያለች ብላ አስባ አታውቅም። «ትንሽ እንዲቆይ ልትነግሪው ትችያለሽ?» አላት። ወደ መሃል ተመለከተች። በመካከላቸው ያለው ሕዝብ ግድግዳ ነው። «አይደርስም» አለች።

ፖሊሱ በግራ እጁ ሬዲዮውን ተጭኖ ለሽበታሙ አወራ። የሚመጣው መልስ ሽሽሽ ብቻ ነው፤ የካህኑ ማጉያ ሁሉንም ይውጠዋል። ደግሞ ተናገረ። መልስ ይምጣ አይምጣ አረጋሽ አልገባትም። «እሺ፣ እሺ» አላት፤ እሷ ግን ያለው ለራሱ ይሁን ለእሷ ወይስ ለሬዲዮው አላወቀችም።

«አሜን» አለ ሕዝቡ።

ጎረምሶቹ ዱላቸውን መሬት ላይ ደበደቡ። ዮናታን ወደ ክፍቱ ቦታ ወጣ። ጅራፉን ከክንዱ ላይ ፈታው። በዚያችው ቅጽበት የፖሊሱ ግራ እጅ ከሬዲዮው ላይ ወርዶ ወገቡ ላይ አረፈ።

አረጋሽ አየች። ሽጉጡ የተሰካው በግራ ወገቡ ነው። ሰውዬው ግራኝ ነው።

ለዚያ ነው በግራው የዘረጋላት። በቀኝ ተቀበል ብላ ቀኙን በዳቦ ያሰረችው፣ የሽጉጡን እጅ ነፃ ያወጣችው ራሷ ናት።

ዮናታን ጅራፉን ከራሱ በላይ ማዞር ጀመረ። ነፋሱን ሲቀድ ይሰማል። አንድ ጊዜ ዞረ። ሁለት ጊዜ ዞረ። አረጋሽ ከቅርጫቱ ሌላ ሙልሙል አወጣችና፣ እናቷ ብታያት ፊቷን የምታዞርባትን ነገር አደረገች። በግራ እጁ ላይ አስቀመጠችው። እንዲያውም አላስቀመጠችውም፤ ጣቶቹን ከወገቡ ላይ አላቃ አስጨበጠችው።

«ይሄም ያንተ ነው» አለችው። «ያዝ። ያዝልኝ።»

ፖሊሱ ግራ ተጋብቶ ዳቦዎቹን አየ፤ እሷን አየ።

ጧ።

ከነጮቹ ጎረቤቶች አንዱ ከወንበሩ ወደቀ። የሕፃናት ለቅሶ ተነሣ። ፖሊሱ ጉልበቱ ታጥፎ፣ ትከሻው ተሰብስቦ፣ ሁለቱም እጆቹ ወደ ደረቱ ተመለሱ፤ ሁለቱም ጭብጥ አሉ፤ በሁለቱም ጣቶቹ መካከል የሙልሙል ፍርፋሪ ወጣ። አረጋሽ የምታየው እነዚያን ጣቶች ብቻ ነበር። ጧ። እንደገና ጨበጡ፤ አሁን ግን ያን ያህል አይደለም። ጧ። ሕዝቡ እልል አለ። ሦስተኛውን ሲሰማ ፖሊሱ በረጅሙ ተነፈሰና በጨፈለቀው ዳቦ ላይ አቀርቅሮ ሳቀ።

«አምላኬ» አለ። «ባትነግሪኝ ኖሮ…»

አልጨረሰውም። እሷም እንዲጨርሰው አልፈለገችም።

ሽበታሙ ፖሊስ ከኮልፋክስ ጥግ እየሮጠ መጣ። ዴልጋዶ ሁለቱንም ዳቦ ከፍ አድርጎ አሳየው፤ «ገመድ ነው፣ ገመድ ብቻ ነው» አለው። ሽበታሙ ቆመ። እጁ የት እንደነበረ አረጋሽ ለማየት አልደረሰችም፤ እስክትዞር ድረስ ኮፍያውን አውልቆ ላቡን ይጠርግበት ነበር።

ሌሎቹ ልጆችም ተራ በተራ ገቡ። ጋሽ አባይነህ በአጠገባቸው ሲያልፉ ቆሙ። ፖሊሱን አይተው፣ ዳቦዎቹን አይተው፣ አረጋሽን አዩ። አለቃ አልተጠራም፤ በዓሉ አልቆመም። «ለከርሞ አንቺን ነው የምንቀጥረው» አሏት በአማርኛ። «በሰዓት ስንት ትያለሽ?»

«መጀመሪያ ለማን እንደነገሩ ይንገሩኝ» አለች።

ጋሽ አባይነህ ሳቁ። ግን አሁንም አልነገሯትም።

ጅራፉ ሲያበቃ ዮናታን ላብ በላብ ሆኖ፣ ሕዝቡን እየሰነጠቀ መጣ። ፖሊሱን ሲያይ ትንሽ ደንገጥ አለ። ዴልጋዶ በፍርፋሪ የተሞላ እጁን አነሣና አውራ ጣቱን አሳየው። ልጁ ፊቱ በራ።

«ማሚ፣ አየሽኝ? የመጀመሪያዋን አየሻት? ዋዝ ኢት ጉድ?»

አረጋሽ ልጇን ቀና ብላ አየችው። ስትጠብቀው የከረመችውን ያንን ውዝዋዜ፣ ክንዱ ሲዘረጋ፣ ጅራፉ ሲወነጨፍ፣ አንዱንም አላየችም።

«ሰማሁህ» አለችው።

ከመንገዱ ማዶ ትንንሾቹ ልጆች የተጣለ ጅራፍ አንስተው መለማመድ ጀምረው ነበር። ዴልጋዶ በቀኙ ያለውን ጨርሶ በግራው ያለውን ገመጠ። አረጋሽ እጇን ወደ ቅርጫቷ ሰደደች፤ ሌላ ሙልሙል አወጣች፤ ይዛም ከጎኑ ሳትንቀሳቀስ ቆመች።